የዋይፋያችን መኖሪያ

መካነ ሰላም ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ ላፕቶፔ ላይ ዋይፋዩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። የማስተርስ ምዝገባዬ የሚያበቃበት ቀን ስለነበር የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ ባዩን ባልደረባችንን ጠራሁት። ይኼ ጉድ ምኑንም ሳያይ «ቫይረስ ነው!» ብሎ ያለኝን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው። ፎቶዎቼ ድራሻቸው ጠፋ፤ ዋይፋዩ ግን ያው ነው።

በዚህ መሀል የንብረት ክፍሉ ጋሽ ሰይድ ወረቀት ሊያወጡ የብረት ቁም ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ዋይፋዩ መጣ። ሲቆልፉት ጠፋ። አስከፍቼ ባይ፣ የዋይፋዩ ማሰራጫ እውስጡ ተቀምጦ ብልጭ ድርግም ይላል!

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ነካዎት?»

«በፊርማዬ የተረከብኩት ንብረት ነው። ወላሂ ቢሰረቅ አንተ ልትጠየቅልኝ ነው?»

ባለሙያው አገጩን እያሻሸ አሰበ፣ አሰበና፦

«በቃ፣ ላፕቶፑንም እዚያው እንቆልፍበት።»