ከአጥር ማዶ የሚሰማ ጥሪ

በደርግ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምር ነበር። በሐይቁ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል የአማተር ራዲዮ ጣቢያ ነበረን፤ ፈቃዱ ገና አልተሰረዘም። ከሥራ ስወጣ፣ በሁለት ዋርካዎች መካከል በዘረጋነው ሽቦ ወደ ሩቅ አገር እጣራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስ የለም።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝ። ሰው ሰብስቦ ከራዲዮ ዜና ሲያሰማ የእኔ ድምፅ በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገብቶበታል።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው፣ ጓድ?»

«እንደኔው ራዲዮ ከሚወዱ ሰዎች ጋር ነው። ጥፋቱ የማሰራጫው ነው፤ ከተፈቀደለት ሞገድ አልፎ በእጥፉም ላይ ይጮኻል።»

«አስተካክለው። ሁለተኛ ከተሰማህ ክፍሉ ይታሸጋል።»

ፈራሁ። የመዳብ ሽቦ ጠቅልዬ፣ ከተበላሸ ራዲዮ ካፓሲተር የሚባለውን ዕቃ ነቅዬ፣ ትርፉን ሞገድ የሚያስቀር ማጣሪያ በወተት ጣሳ ውስጥ ሠራሁ። አንቴናውን ከማሰራጫው ጋር የሚያስማማውን ሳጥንም እንደገና አስተካከልሁ። እኔ ስጣራ ባልደረባዬ ቀበሌ ተቀምጦ አዳመጠ፤ ዜናው ጥርት ብሎ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ማዶ ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

«አሞህ ነበር፣ ልጄ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ፣ የኔታ። ምነው?»

«ድምፅህ ከራዲዮኔ ጠፋ። ትጠራለህ፣ ዝም ትላለህ፣ ደግሞ ትጠራለህ። ቋንቋውን ባላውቀውም ለምጄው ነበር።»

«ሲረብሽዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው የሚጣራን ሰው ዝም በል ይባላል?»

ወንበር ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡ ጀመር። ሞምባሳ የሚኖር አንድ ሰው መለሰልኝና ከባድ ዝናብ እንደ ጣለባቸው አወራኝ፤ ተረጎምሁላቸው።

«ጣናም ሞልቷል በለው» አሉ።

አልሁት። ሰውየው ሲስቅ ሰምተው እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር «ሽማግሌው እንዴት ናቸው?» ሳይል አያልፍም ነበር።

ክፍሉ ግን ከመታሸግ አልዳነም። ትእዛዙ ከላይ ነው ተባለ እንጂ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ሊቀ መንበሩ ራሱ መጥቶ ሲያሽግ «ያንተ ጥፋት አይደለም» አለኝ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ «ለሞምባሳው ሰው ነገርኸው?» አሉ።

«ጊዜ አልሰጡኝም።»

«እንግዲያ ሽማግሌው ሞተዋል ብሎ ያዝናላ!»

ስሙን ጠየቁኝ። አልያዝላቸው ብሎ ደጋግመው አስባሉኝ። ለጸሎት ሲቆሙ ያነሡት እንደ ነበር ኋላ ተማሪዎቻቸው ነገሩኝ።