ሲንቄ በጤና መድኑ መስኮት

የጤና መድኑ የባለቤቴን የደም ምርመራ አልሸፍንም አለ። ምርመራውን የማይሸፍን ሆኖ አይደለም፤ በዚያው ሰሞን ለጎረቤቴ ያንኑ ምርመራ ሸፍኖለታል። የእኛ የተከለከለው ያዘዘው ሰው የባህል ሐኪም ስለሆነ ነው። በደሉ ይኸው ነው።

አሰላ ውስጥ ጋሪ እነዳለሁ። የመድኑን መዋጮ በየዓመቱ ስንዴው ተወቅቶ የጭነት ሥራ ሲደራ እከፍላለሁ። ባጃጅ ተሳፋሪዬን ከወሰደብኝ በኋላ እንኳ አላቋረጥኩም። ፎቶግራፋችን የተለጠፈበት መታወቂያ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ኖረ። አለመታመም ራሱ ትርፍ ነው ይሉኛል። እሺ። ስንታመምስ?

ከፋሲካ በኋላ የባለቤቴ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፣ የተወጋ ይሞታል ይባላል እኛ ጋ፤ መድኃኒቱ ቅጠል ነው። እሷም ሐኪም ቤት የሚባል አልሰማም አለች። ስለዚህ በሚኒባስ ይዣት ኢተያ ወረድኩ፤ ለወፍ በሽታ ስሙ የወጣ ሽማግሌ ባህል ሐኪም እዚያ አለ።

ሽማግሌው ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ዓይኗን አየ። ከዚያ በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር በጣቱ ጫን ሲላት ዘለለች። እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ቅጠል እንደማይሰጣት ነገረን። ዋጋ ሊያስወድድ መስሎኝ ልጨቃጨቅ ስል እጁን አነሳብኝ።

"ቢጫ ዓይን ሁሉ ወፍ አይደለም" አለኝ። "ደሟን አስመርምረህ ውጤቱን አምጣልኝ። ወፍ ከሆነ እኔ አለሁ። ካልሆነ ግን የእኔ ቅጠል ይገድላታል።"

ለካ የሰውዬው አሠራር እንዲህ ነው። የደም ውጤት ሳያይ ለማንም ቅጠል አይቆርጥም። የትኞቹ ምርመራዎች እንደሚያስፈልጉት በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ የራሱን ማህተም መትቶ ሰጠኝ። ደስ አለኝ። እስከ አሰላ ድረስ በሚኒባሱ መንገጫገጭ መካከል አንዴም ሁለቴም አነበብኩት። ባለቤቴ መስኮቱን ተደግፋ "ጽሑፉን ልታደክመው ነው" አለችኝ።

በማግስቱ ወረቀቱንና መታወቂያውን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የመድኑ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው፤ ጨዋ ልጅ። ጨዋነቱ ነው ያቃጠለኝ። ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

"አባባ፣ የእኛ ባለሙያ ያላዘዘውን መድኑ አይሸፍንም" አለና ግድግዳው ላይ ወዳለው ማስታወቂያ በስክሪብቶው ጠቆመኝ። "ማንበብ የሚችሉ ከሆነ እዚያ ላይ አለ።"

ማንበብ እችላለሁ። የተማርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ፣ ከሥራ መልስ፣ ጉልበቴ በማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ነው። ስለዚህ እዚያው ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በራሴ ፍጥነት አነበብኩለት። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዷ ዜናው መቼ ነው የሚያልቀው ብላ ሰውን አሳቀች። አላቆምኩም። ስጨርስ ልጁ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።

"እንግዲያው ባለሙያችሁ ይዘዝልኝ" አልኩት።

ወደ ጤና መኮንኑ ክፍል ላከኝ። ጤና መኮንኑ የአገሩ ልጅ ነው፤ ከሮቤ በኩል ያለ የአርሲ ልጅ። ወረቀቱን አየ፣ ማህተሙን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ቅጠል ቆራጭ ያዘዘውን ልገለብጥ አይደለም አለኝ። ቅጠሉን ትታ ከመጣች ያያታል፤ ካልተወች እዚያው ኢተያ ትታከም። ቅጠል አልሰጣትም ብዬ ብነግረው "ይሰጣታል" አለና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። የመለስኩለት ነገር አይጻፍም። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

ባለቤቴ እየባሰባት ነበር። የበላችው አይረጋም፣ ገላዋን ሌሊት ከቀን ታካለች። ለግል ላብራቶሪ የሚሆን ነገር እጄ ላይ የለም፤ ያለኝ ፈረሱ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላወጣው ወስኜ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰማችኝ።

"ጋሪውን አንተ ልትጎትተው ነው?" አለች።

ቆይታ ማን እንደመለሰኝ ጠየቀችኝ። ጤና መኮንኑ ነው አልኳት።

"አርሲ ነው?"

"አርሲ ነው።"

በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም። "ሲንቄዬን አውርድልኝ" አለችኝ።

ሲንቄ እናቷ በሠርጓ ቀን የሰጠቻት ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ሴት መብቷ ሲነካ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፣ ሌሎችም ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው አብረዋት ይቆማሉ። የበደለው የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ወንድ መንገዳቸውን አያቋርጥም፤ እርግማናቸውን የማይፈራ የለም። እኔ አማርኛ እየተናገርኩ ያደግኩ የከተማ ሰው ነኝ፤ ያችን በትር ከግድግዳዬ ላይ ስትወርድ አይቻት አላውቅም ነበር። በሁለት እጄ አውርጄ ሰጠኋት።

የሰፈሩ ሴቶች ተጠሩ። በዕድሜ ከሁሉ የምታንሰው እንኳ አልፈራችም፣ ታላቋ አሮጊት ግን አልተስማሙም። ሲንቄ ባል ሚስቱን ሲመታ ነው የሚወጣው፣ ወላድ ስትሰደብ ነው፣ ለቢሮ ወረፋ ወጥቶ አያውቅም አሉ። ባለቤቴ አልተከራከረችም። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቷ ሳብ አድርጋ ቢጫውን አሳየቻቸው።

"ይህን ዓይን ሳያይ ነው የመለሰኝ" አለች።

አሮጊቷ ተነሥተው ወጡ። የተቀየሙ መስሎኝ ነበር። የራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው። ባለቤቴን ጋሪው ላይ ፍራሽ አንጥፌ አስተኛኋት፤ ሲንቄዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሴቶቹ ከፊት በእግራቸው፣ በአንድ እጃቸው በትሩን በሌላው እርጥብ ሣር ይዘው፣ እየዘመሩ ነው። ባጃጆች ቆሙ! ያ ሁልጊዜ ጡሩምባውን ጆሮዬ ላይ የሚለቅብኝ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ስንዴ የጫነ ትልቅ መኪና ዳር ይዞ ጠበቀን። ሽማግሌዎች ከመንገድ ዳር ሣር እየነጩ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። እኔ ልጓሙን ይዤ ከኋላ እሄዳለሁ። በዕድሜዬ መንገድ ተለቆልኝ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ፈረሴም የገባው ይመስል አንገቱን ቀና አድርጎ ይራመድ ነበር።

ክንዴን ይዞ ያስወጣኝ ጥበቃ ባርኔጣውን አውልቆ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሴቶቹ መስኮቱ ፊት ተሰልፈው ቆሙ። የመስኮቱ ልጅ በትሮቹን አየና አዘነ። ሁሉም እግራቸውን የታመሙ መሰለው። አግዳሚ ወንበር እየጎተተ ወጣ።

"እናቶቼ፣ ተቀመጡ፤ ምርኩዝ ለያዘ ሰው ቅድሚያ እንሰጣለን" አለና መታወቂያ መሰብሰብ ጀመረ።

ማንም አልተቀመጠም። ሌላ ወንበር አመጣ። አሮጊቷ እያዩት ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነው እንጂ ቁጣ አልነበረም። ጥበቃው ሮጦ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው። ልጁ የሰበሰበውን መታወቂያ ለእያንዳንዷ በሁለት እጁ መለሰና ወደ ኋላ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቂሜ እዚያ ላይ ግማሹ ወጣልኝ።

ጤና መኮንኑ ወሬውን ሰምቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። እሱ ምርኩዝ አልመሰለውም። ከቦዩ ዳር ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ይዞ፣ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ጭቃው ላይ ቆመ። አሮጊቷ በኦሮምኛ ጠየቁት።

"ልጄ፣ ይህችን ሴት አይተሃታል?"

"አላየኋትም።"

"ታዲያ ምኗን አይተህ መለስካት?"

ሣሩን ወደ አሮጊቷ ዘረጋ። "አጥፍቻለሁ" አለ።

ከጋሪው ላይ እሱና እኔ ተጋግዘን አወረድናት። ማን እንደላካት አልጠየቀም። ሽማግሌው የጫነበት ቦታ ላይ ጫን አላት፣ ያኔ እንደዘለለችው ዘለለች። ከዚያ በራሱ ወረቀት፣ በራሱ እጅ ትእዛዙን ጻፈ። አነበብኩት፤ የኢተያው ሽማግሌ ከጻፈው የቀረ የለም። የመስኮቱ ልጅ ማህተሙን መታበት። ሴቶቹ ግቢውን መርቀው ወጡ።

የወፍ በሽታ አልነበረም። የደም ውጤቱ የሐሞት መውረጃዋ ሳይዘጋ እንዳልቀረ አሳየ። ጤና መኮንኑ ሪፈር ጻፈላትና ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ጠጠሩ ወጣላት፤ የሆስፒታሉንም መድኑ ሸፈነው። ውጤቱን ለኢተያው ሽማግሌ ወስጄ አነበብኩለት፤ እኔ አንባቢ፣ እሱ አድማጭ። ቅጠል ብሰጣት ኖሮ ብሎ ጀምሮ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

ደስ ብሎኛል፣ አልክድም። ግን አሁንም እጠይቃለሁ፦ ሲንቄ የሌላትስ? መንገድ ላይ የሚቆሙላት ሴቶች የሌሏት፣ ከሌላ አገር መጥታ ብቻዋን የምትኖረው፣ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ማን ይዟት ይወጣል? ይህንኑ በየሳምንቱ እየሄድኩ ለመድኑ ኮሚቴ ስነግራቸው ሰለቸኋቸው። በመጨረሻ የባህል ሐኪም የላከው ሕመምተኛ ሳይመለስ በጤና መኮንን እንዲታይ፣ ጤና መኮንኑ ያዘዘለትም ምርመራ እንዲሸፈን ወሰኑ። የመስኮቱ ልጅ ማስታወቂያውን ሲለጥፍ ጠርቶኝ "አባባ፣ ያንብቡልን" አለኝ። ሰልፉ እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ከግርጌው ያለው ቀን ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።