ስርጉት ጆሮዋን ያስጾመችበት ጊዜ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ልብስ የሚተኮስበት አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። የሱቁ ባለቤት ስርጉት ትባላለች። አያቷ በምድር ባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። እሷም እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ፣ እዚሁ አግብታ፣ እዚሁ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞላት። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ያሉት የመንግሥት ሹማምንት እሷ ያልተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሰው ስብሰባ አይገቡም። እጅጌ ላይ በምታወጣው መስመር ጢም መላጨት ይቻላል እያልን እኛ ጎረቤቶቿ እንቀልዳለን።

በጾም ጉዳይ ደግሞ ስርጉትን የሚያክላት የለም። በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ የጋለ ካውያ ይዛ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ ሳይዞር ትውላለች። ከዚያ በኋላ የምትቀምሰውን ብስኩት ስትገዛ ወተት የለበትም ወይ ብላ ደቃቁን ጽሑፍ በመነጽር ትመረምራለች። ፈረንሳይኛው ካልገባት በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጠውን ጎረቤቷን ዓብዱረዛቅን ታስነብበዋለች። አንዴ ዓብዱረዛቅ አንብቦ "ንጹሕ ነው" ሲላት፣ "ማልልኝ" ብላዋለች።

አፏን እንዲህ የምትጠብቅ ሴት፣ ጆሮዋን ግን ላገኘው ሁሉ ክፍት አድርጋው ነበር።

ነገሩ የጀመረው አገር ቤት ጦርነቱ የተነሳ ጊዜ ነው። ባሏ ተክለወልድ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ተሳቢ መኪና ይነዳል። እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር ስርጉት ሁለት ጆሮዋን በማዳመጫ ትደፍንና ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰማ ትውላለች። አንዱ መንገዱ ተቆረጠ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ራእይ አይቻለሁ፣ የቀረን ሦስት ወር ነው ይላል። ሦስቱ ወር ሲያልፍ ሰውዬው ሌላ ሦስት ወር ይጨምራል፣ ስርጉትም እንደ አዲስ ትደነግጣለች። የሰማችውን ለራሷ ብቻ አታስቀርም። ሱሪ ሊወስድ የመጣ ሰው ከሱሪው ጋር የሁለት ከተማ መያዝና የአንድ ድልድይ መፍረስ ሰምቶ ይሄዳል።

ዓብዱረዛቅ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ ሱማሌኛ በተቀላቀለበት አማርኛው፣ "ስርጉት፣ ዓለም ዛሬ ነው የምታልቀው ወይስ በረዶ ላስቀምጥልሽ?" ይላታል።

"ሳቅ አንተ፤" ትለዋለች። "በረዶውን ግን አስቀምጥልኝ።"

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ቪዲዮ ደረሳት። መኪናዎች በተርታ ቆመው በእሳት ይነድዳሉ። ከጀርባ የሚሰማው ድምፅ፣ "እሑድ ከጅቡቲ የወጡት ናቸው፤ አንድም የተረፈ የለም" ይላል። ተክለወልድ በዚያ ሳምንት ወደቡ ላይ ጭነት እየጠበቀ ነበር። ሁለት ቤት አለፍ ብላ የምትኖረው የየውብዳር ባል ሾፌሩ ፀጋው ግን የወጣው እሑድ ነው። ስርጉት ካውያውን ነቅላ መሮጧ ራሱ ተመስገን የሚያሰኝ ነው። የየውብዳር በር ላይ ደርሳ፣ እያለከለከች፣ "የውብዬ፣ ጠንከር በይ" አለቻት።

እንዲህ ተብሎ የጠነከረ ሰው እኔ አላየሁም። የውብዳርም በቁሟ ወደቀች። ወዲያው ሴቶች ተሰበሰቡ፣ ፍራሽ ወጣ፣ ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ለቅሶው እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ። ስምንት ሰዓት ላይ የየውብዳር ስልክ ጮኸ። ፀጋው ነው። ጋላፊ ጠረፍ ላይ ወረቀት ሲያስጨርስ ኔትወርክ አልነበረውም። የጩኸቱን ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ፣ "ምንድን ነው? ማን ሞቶ ነው?" አለ። ስልኩን የያዙት ጎረቤታችን እማማ ጸሐዬ እውነተኛ ሰው ስለሆኑ፣ "አንተ ነህ፣ ልጄ" አሉት።

ማታ የስርጉት ልጅ ፅዮናዊት ቪዲዮውን አየችው። ወደቡ ላይ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ስለምትሠራ መኪና ታውቃለች። "እማ፣ ይሄ እኮ የሌላ አገር ነው። ታርጋውን እይው። ከተለቀቀም ሁለት ዓመቱ ነው። እንዴት አላየሽም?"

"እኔ ያየሁት እሳቱን ነው" አለች ስርጉት።

የውብዳር የደም ግፊቷ አሻቅቦ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። ፀጋው በሳምንቱ ሲመለስ ሸሚዝ ይዞ ስርጉት ሱቅ ገባና፣ "እትዬ ስርጉት፣ የሟች ሸሚዝ ነው፤ አደራ በደንብ ተኩሺልኝ" አላት። እሱ ከልቡ ስቆ ነው የወጣው። እሷ ግን ሸሚዙን አቅፋ አለቀሰች። የውብዳር ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ መንገድ ላይ ስታያት ማዶ ትሻገር ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ስርጉት ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ወልደየሱስ ሄደች። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው።

"ይውሰዱልኝ፣ አባ። ከዛሬ ጀምሮ አላየውም።"

"አንሺው፤" አሏት። "ባልሽ በምን ይደውልልሽ? ይልቅ ንገሪኝ፣ በጾም ቀን አንዱ መጥቶ ሥጋ ቢያጎርስሽ ትበያለሽ?"

"እግዚኦ! እንዴት ተደርጎ!"

"ታዲያ ጆሮሽን ማንም መንገደኛ ያገኘውን ሲያጎርሰው ዝም ትያለሽ። ልብሽ እኮ የሚበላው በዚያ በኩል ነው።" ቀጠሉና፣ "ቀኖናሽ ይሄ ነው። በሰው ላይ ክፉ ደረሰ ሲሉሽ፣ ለማንም ከመናገርሽ በፊት ያንን ሰው በስሙ ጠርተሽ አንድ አባታችን ሆይ ድገሚለት" አሏት።

"ስሙን ካላወቅሁትስ?"

"ስሙን እንኳ ሳታውቂ ምኑን ልትነግሪ ነው?"

ስርጉት ከበድ ያለ ስግደት ጠብቃ ነበርና ቀኖናው ቀለለባት። ሰኞ ዕለት ነው ክብደቱ የገባት። ማዳመጫውን አውልቃ ካውያዋን ስትይዝ ሱቁ ጭር አለ። የሚሰማው የእንፋሎቱ ሽውታና የዓብዱረዛቅ ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ብቻ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ስንት ዓመት ሸፍና ያስቀመጠችው ፍርሃት ብቅ አለ። ተክለወልድ ይሞት ይሆን? ኋላ ለእኔ እንደነገረችኝ፣ ሁሉን ነገር ነቅታ ካልሰማች፣ ያልሰማችው ነገር ባሏን የሚወስደው ይመስላት ነበር። እሷ ሱቋ ውስጥ ሆና በጆሮዋ መኪናውን የምትነዳለት ያህል! ያን ዕለት የመጀመሪያውን አባታችን ሆይ ለተክለወልድ ደገመች። ሁለተኛውን ለየውብዳር ስትጀምር እንባ አቋረጣት።

በአራተኛው ቀን፣ "የአየር ጠባዩን ብቻ ልስማ" ብላ ማዳመጫውን መለሰችው። የአየር ጠባዩ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ ከዚያ ያ ሦስት ወር የሚያራዝመው ሰውዬ ቀጠለ። የጭስ ሽታ ሲያባንናት ካውያው የአንድ ሹም ነጭ ሸሚዝ ደረት ላይ ተጣብቆ ነበር። ሰበብ አልፈለገችም። ሸሚዙን ጠቅልላ ራሷ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ድረስ ወሰደችለትና፣ "እጄ እዚህ ነበር፣ ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ፤ ይቅርታ" አለችው። ሰውየው ቃጠሎውን አገላብጦ አይቶ፣ "ማዳም ስርጉት፣ የእኔም ሐሳብ ከቢሮው ከወጣ ወር ሆኖታል" አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማዳመጫው መሳቢያ ገባ። አልፎ አልፎ መሳቢያውን ከፍታ መኖሩን ታረጋግጣለች እንጂ አትነካውም።

ሁለት ወር ገደማ እንዳለፈ ችግሩ በእውነት መጣ። አንድ ሐሙስ መንገዱ ላይ ረብሻ ተነሳ፤ ተክለወልድና ፀጋው ሁለቱም በዚያው መስመር ነበሩ፤ የሁለቱም ስልክ አይሠራም። እኩለ ቀን ላይ የውብዳር ሱቁ በር ላይ ቆመች። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ፊቷ ዓመድ መስሏል፤ ቪዲዮ የተከፈተበትን ስልኳን ዘርግታ፣ "ስርጉት፣ እባክሽ ይህን እይልኝ። እነሱ ናቸው?" አለቻት።

ስርጉት በኋላ እንዳመነችው፣ እጇ ወደ ስልኩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። መለሰችው። በርጩማ ስባ የውብዳርን አስቀመጠቻት፣ ከዓብዱረዛቅ ውሃ አምጥታ አጠጣቻት፣ ስልኩን ተቀብላ በፊቱ ደፋችው።

"ልጄ እውነቱን ካለበት ታጣራለች። እስከዚያ እኛ ስም እንጥራ። ፀጋው አለ። የእኔው አለ። ከእነሱ ጋር ሌላ ማን ወጣ?"

"አልአዛር፤" አለች የውብዳር። "ያ ረጅሙ። ደግሞ ረዳቱ ይዲድያ።"

ፅዮናዊት ቢሮዋ ሆና ስልክ ስትደዋውል፣ ሁለቱ ሴቶች አንዷ እየተኮሰች አንዷ እያጠፈች፣ በየስሙ አባታችን ሆይ ደገሙ። የሚያውቁት ስም ሲያልቅ ዓብዱረዛቅ በጎን ካለው ሱቁ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ "የእህቴ ልጅ ሳቢትም ዛሬ በዚያ በኩል ወደ ዲኪል ሄዳለች፤ እሷንም ጨምሩ" አላቸው። ጨመሯት።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ፅዮናዊት ደወለች፦ ሾፌሮቹ ሚሌ እንዲቆሙ ተደርገዋል፣ በሕይወት አሉ፣ የተጎዳ ግን አለ። ማን እንደሆነ አልታወቀም። የውብዳር ልትጮህ አፏን ስትከፍት ስርጉት እጇን ያዘቻት። "ስሙ ገና አልመጣም፤" አለቻት። "ሲመጣ አብረን እናለቅሳለን።" አላለቀሱም ማለት ግን አይደለም፤ ያችን ሌሊት አንድ ቤት አደሩና በየተራ አለቀሱ።

የተጎዳው ተክለወልድ ነበር። ድንጋይ የፊት መስታወቱን ሰብሮ ቅንድቡን ከፍሎታል፤ በሰባት ስፌት ተሰፍቶ እሑድ ቀን ገባ። ስርጉት አልጮኸችም። ቁስሉን አጥባ፣ ምግብ አቅርባ፣ ከተቀመጠ በኋላ "አሁን ንገረኝ" አለችው፤ እሱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት።

ሴትዮዋ ታዲያ እስከ ዛሬ ያንን ታሪክ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ "የእሱ ነው፣ እሱን ጠይቁት" ትላለች። የተጎዳነው ወሬ የቀረብን እኛ ጎረቤቶቿ ነን። ተክለወልድ እንደሆነ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሆነውን ግማሹን ከዓብዱረዛቅ ለቅመን፣ ግማሹን ራሳችን ሞልተነዋል።