ከኮምፓሱ ጀርባ የገባው የስፌት መኪና

ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት ጠዋት ጀልባዋ ከወደቡ ስትላቀቅ ኮምፓሱን አይታው ነበር ወይስ አላየችውም? ታላቅ ወንድሟ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አንስቶ ስንት ጊዜ እንደጣለው እሱ ነው የሚያውቀው። አላየችም እንዳይል፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ በአንድ ሙከራ የምታሳልፍ ሴት ናት። አይታ ዝም አለች እንዳይል ደግሞ፣ ጀልባዋ ላይ የነበሩት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። የገዛ ነፍሷን እያወቀች ለድንጋይ ሰጠች ማለት ይሆንበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ የወደብ አናጢ ነበር፤ ሲሞት አንዲት ሞተር ያላት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ተወላት። እሷም የኪራይ ቤቷን ለቃ እዚያው ገባች። ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

“ሰው እንዴት ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ይኖራል?” አላት።

“አንተ ዕድሜህን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ኖረህ የለ? ማን ምን አለህ?”

የሾፌሩ ሚስት የጓሮውን ክፍል ጠርጋ አዘጋጅታላት ነበር። ክፍሉን ከልጅ ልጆቹ መኝታ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ የስፌት መኪና ድምፅ እዚያ አይታሰብም። መኪናዋን ሸጣ የወንድሟን እጅ እያየች መኖር ለልብስ ሰፊዋ በቁም መሞት ነው። ሾፌሩም ይህን አላጣውም፤ እህቱ ክረምቱን ውሃ ላይ ብቻዋን ስትገፋ ማየት ግን አንጀቱ አልችል አለ።

በመካከሉ የጀልባ ማቆሚያው ሊታደስ ሆነና ጀልባዎች ሁሉ ወደ ማዶ እንዲዛወሩ ታዘዘ። ያኔ ሾፌሩ ፍርድ ሰጠ።

“ስሚ፤ አብሬሽ እሻገራለሁ። ዕቃሽ ሁሉ ከዓይኔ ከተሰወረ፣ አንድም ነገር እግሬን ካልጠለፈኝ፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። የተረፈ ነገር ካየሁ ግን ጠቅልለሽ እኔ ቤት ነው።”

“ቃልህ ነው?”

“የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!”

“ልጆቹን ተዋቸው እንጂ ጋሼ፤ ምን አደረጉህ?”

ዕቃ መሸሸግ ልብስ ሰፊን አይቸግረውም። ኮት ገበር አለው፤ ኪስ የሚሠራው በጨርቁና በገበሩ መካከል ነው። አሮጌ ጀልባም ገበር አላት። የጀልባዋን ሳንቃ በጣቷ አጥንት እያንኳኳች ዞረች፤ ባዶ ድምፅ የሰጣትን ሁሉ ፈታች። ድስቶቹ ከደረጃው ጀርባ ገቡ። ጨርቆቿን በቀጭኑ ጠቅልላ ከወንበሩ መደገፊያ ኋላ አቆመቻቸው። ጫማ በጣሪያው ጥግ፣ ክርና ቁልፍ በጠረጴዛው እግር ውስጥ። ጀልባዋ ወደ ግራ ባጋደለች ቁጥር ወደ ማቆሚያው ወርዳ በጀልባዋ ጎን የተቀባውን የውሃ ልክ መስመር ታያለች፤ ተመልሳ ትወጣና ወደ ቀኝ ታሸጋግራለች። ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት፤ ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን አነጋች።

የቀረው በእጅ የሚዞረው የስፌት መኪና ነበር፤ ድፍን ብረት። አልጋዋ ሥር በታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ሞልቷል። ወለሉ ሥር እርጥብ ነው፤ ይዝግባታል። ሊነጋጋ ሲል ኮምፓሱ የተሰካበትን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ፈታችው። ውስጡ ደረቅና ጥልቅ ነው፤ ለመኪናው ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። አስገባችና ሳንቃውን መልሳ ገጠመችው።

ጠዋት ሾፌሩ መጣ። ጠረጴዛ ሥር ጎነበሰ፤ መጋረጃ ገለጠ። ምንም የለም።

“ምትሃተኛ ነሽ! መኪናውንስ ሸጥሽው?”

“ፈልገዋ!”

ፈልጎ አጣ። ሞተሩ ተነሣ፤ ገመዱ ተፈታ። ያን ጊዜ ነው ፊቷን ወደ ኮምፓሱ ያዞረችው፤ አየችው አላየችው እሱ አይምልም። ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና፣ “ባሌ ሲሻገር ቀስቱን ምሥራቅ ላይ ይዞ ነበር” ብላ መሪውን ለቀቀችለት።

መሐል ሲደርሱ ጉሙ ወረደ፤ የጀልባዋ አፍንጫ እንኳ ጠፋ። ሾፌሩ አልደነገጠም። መስመር ከተሰጠው ከመስመሩ የማይወጣ ሰው ነው፤ ዓይኑን ቀስቱ ላይ ተክሎ ነዳ። ቆይቶ ከፊት ለፊት ውሃ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ሰማ።

“ደረስን መሰለኝ” አለ።

ፊቷ አመድ መሰለ። “ማዶው አሸዋ ነው፤ ድንጋይ የለውም። ጋሼ፣ ሞተሩን አጥፋ!”

ወደ ውስጥ ዘላ ወረደች። ሳንቃ ሲነቀል ተሰማ። ወዲያው፣ ማንም ሳይነካው፣ የኮምፓሱ ቀስት ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው እየተንቀጠቀጠ ዞረ።

“ዞረ እኮ! ምን ነካሽ?”

“ኮምፓሱን አልነካሁም። መኪናውን አወጣሁት።”

“የት ነበር?”

“ፊት ለፊትህ።”

ብረቱ ቀስቱን ወደ ራሱ ሲስበው ቆይቷል ለካ። እሷ መኪናውን ታቅፋ ከኮምፓሱ እየራቀች እስከ ጀልባዋ ሌላኛው ጫፍ፣ እስከ አልጋዋ ድረስ ሄደች። ቀስቱ ረጋ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ጠመዘዘ፤ የድንጋዩ ድምፅ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቀረ። አሸዋው እስኪታይ ድረስ ልብስ ሰፊዋ መኪናውን ከጭኗ አላወረደችውም።

ጀልባዋን ማዶ ካሰሩ በኋላ ሾፌሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ብርድ ልብሷን እያጠፈች አገኛት።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ቃል ቃል ነው። የተረፈ ዕቃ አይተሃል።”

አልጋው ላይ የተቀመጠውን መኪና አየ፤ እጇንም አየ። ክንዷ ብረቱን ታቅፋ በቆየችበት በኩል ቀልቷል። ፍራሹን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ክዳን ከፈተ። ወረቀታቸው የተላጠ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮዎች ናቸው። አንድ በአንድ ያወጣቸው ጀመር።

“እነዚህ እኔ ቤት ይሄዳሉ። መኪናው እዚህ ይገባል።”

“ውላችን እንዲህ አልነበረም። የተረፈ ካለ ትመጫለሽ ነው ያልከኝ።”

“የተረፈው ይምጣ። አንቺ የት ተረፍሽ? አንቺማ ቦታሽ ላይ ነሽ።”

ብርድ ልብሱን አስቀምጣ አጠገቡ ተንበረከከች። ቆርቆሮ እያቀበለችው ጆንያውን ሞሉት።

“ይሄ ምንድነው? ባቄላ ነው ዓሣ?”

“ሲከፈት ይታወቃል።”

“ሚስቴ ትገለኛለች!”

መኪናውን በጨርቅ ጠቅልለው አልጋው ሥር አስተኙት፤ ሾፌሩ ክዳኑን ገጥሞ ፍራሹን አነጠፈላት። ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ “ወገቤን አንዴ ላሳርፍ፣ መጣሁ” አለችው። ጆንያውን ዳር ላይ አኑሮ ሲመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ሾፌሩ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።