ከውኃ ማማው ሥር ያለችው ሳጥን

አንዷለም ረግጧቸው የማያውቃቸውን ቦታዎች ይወድ ነበር። ዳላስ አጠገብ ባለችው ፋርመርስ ብራንች ከተማ፣ መጋዘኖች መሃል በተሸጎጠ ቢሮ ውስጥ፣ ስክሪኑ ላይ አርባ አንድ አረንጓዴ ነጥቦች ይጠብቃል። እያንዳንዱ ነጥብ ሩቅ የቴክሳስ ገጠር ውስጥ፣ የውኃ ማማ ሥር የተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ናት። የፓምፖቹን የኔትወርክ መስመር ቀን ከሌት እያየች ለቢሮው ወሬ ታቀብላለች። እሱ ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ እየገባ የጎደላትን ያስተካክላል።

«አድራሻዋን እጽፋለሁ፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ስሟን ትነግረኛለች» አለኝ ሲያጫውተኝ። «ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ግን ማለቴ፣ ሣሩ ሁሉ ይሸተኛል።»

ዲቪ ደርሶት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው ይህን ሥራ ያገኘው፤ በፈረንጆቹ 2008። ያስገቡት የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ መኳንንት ናቸው። ዘጠና ቀን ሙከራ፤ ካለፈ ቋሚ ይሆናል፣ ካልሆነ ወደ መጋዘን ተመልሶ ካርቶን ማንሳት ነው።

በሰማንያ ስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአንዷን ሳጥን የኔትወርክ አድራሻ፣ የምትገኝበትን ቁጥር፣ እንዲቀይር ታዘዘ። ገብተህ የቆምክበትን መስመር ራሱን ስለምትነካ፣ ይህ ሥራ ወግ አለው። አስቀድመህ ሳጥኗን «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠፍተሽ ተነሺ» ትላታለህ። ተሳስተህ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ፣ ስትነሳ የምታስታውሰው ሴቭ የተደረገላትን የድሮውን አድራሻ ነው፤ ታስገባሃለች። ስለዚህ አዲሱ መሥራቱን ሳታይ ሴቭ አታደርግም። ይህን ጋሽ መኳንንት በመጀመሪያው ቀን ነግረውታል።

አንዷለም ግን ኮምፒውተር የተማረው ደብረ ብርሃን፣ መብራት ሳይሰናበት በሚሄድበት ኮሌጅ ነው። ሁለት መስመር ጽፎ ሴቭ ያላደረገ ተማሪ፣ የቀኑ ልፋት ጨለማ ውስጥ ይቀርበታል። ጣቱ ያንን አልረሳም። ያን ቀን አንዲት ቁጥር ተሳስቶ ጻፈ፤ ጣቱም ሳያማክረው ሴቭ አደረገ። ነጥቧ ቀላች።

መጀመሪያ አልደነገጠም። አሥር ደቂቃ ነው። ሳጥኗ ዓይኗን ስትከድን፣ በቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ዝም ስትል፣ በቀዳዳ የገባ ብርሃን በላይዋ ሲሄድ ታየው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ጣቱን አየ። ሴቭ ማድረጉ ትዝ አለው።

አሥር ደቂቃው አለቀ። ቀይ። ነቅታለች፤ ግን የነቃችው የተሳሳተውን ቁጥር ይዛ ነው፣ እሱ በሌለበት መንገድ እየጠራችው።

ተነስቶ ሄደ።

«ጋሽ መኳንንት፣ አንዷ ጠፍታብኛለች።»

«ነፋሱ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ። የዚያን ሳምንት ነፋስ ስንቱን መስመር በጥሶ ነበር። አዎ ቢል ማንም አይጠይቀውም።

«አይ። ሴቭ አደረግኳት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳታይ?»

«ሳላይ።»

«መብራት የሚጠፋበት አገር ልጅ፤ ጣታችሁ መቼ ነው የሚያርፈው? ሶ፣ አሁን ማን ሊሄድ ነው? መንገዱ አምስት ሰዓት ነው።»

«እኔ ልንዳ።»

«የኩባንያውን መኪና ውሰድ። በዚያች ኮሮላህ ከሄድክ አንተንም የሚፈልግ ሰው መላኬ ነው።»

«ሙከራዬስ?»

«መጀመሪያ አረንጓዴ አድርጋት።»

ፎርት ዎርዝን ካለፈ በኋላ ቤቶቹ ሳሱ፣ ሰማዩ ሰፋ። በነፋስ የሚሠሩት ነጫጭ የኤሌክትሪክ ማማዎች እጃቸውን ቀስ አድርገው ያዞራሉ፣ የሚቸኩሉበት ጉዳይ እንደሌለ። በስክሪኑ ውስጥ የሚነዳ መሰለው። ከሰዓት በኋላ ማማው ሥር ደረሰ፣ የቆርቆሮውን ቤት ከፈተ። የጫማ ካርቶን የምታህል አቧራ የጠጣች ሳጥን፣ አንዲት መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ደህና ነሽ?» አላት። ብቻውን ስለነበር አላፈረም።

ገመዱን ከላፕቶፑ ወደ ጀርባዋ ሰካ። ትንሽ አሰበች፣ ስሟን ነገረችው። ያቺን አንድ ቁጥር አረመ። ከዚያ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበትና በግራው ደወለ።

«አየኋት» አሉ ጋሽ መኳንንት። «ቆይ፣ ከዚህ ልግባ… ኦኬ፣ ገባሁ። አሁን ሴቭ አድርግ።»

አደረገ።

«ጋሽ መኳንንት፣ ስለ ቅዳሜ… ዘጠና ቀኔ ቅዳሜ ነው።»

«ጠዋት አንተ መንገድ ስትጀምር ላይ ላሉት ጽፌያለሁ።»

«ምን ብለው?»

«አጠፋ፣ በነፋስ አላሳበበም፣ ሊያስተካክል ሄዷል ብዬ። ይቆይልን ብለዋል። ሰኞ ለቋሚው ባጅ ፎቶ ትነሳለህ፤ ጸጉርህን ተስተካከል፣ እንደዚህ ሆነህ አታሰድበኝ።»

አንዷለም ወደ ውጪ አየ። በሩ ላይ ሣሩ ይተኛል፣ ይነሳል። ከግድግዳው ማዶ አንድ ፓምፕ ተነሳና ውኃው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

«አለህ?» አሉ።

«አለሁ። ትንሽ ልቀመጥና እመጣለሁ።»