በጭብጨባ የጸደቀው አዳራሽ

ባለቤቴ ያጨበጨበችበትን ስብሰባ የዘገብኩት እኔ ነኝ። በአንድ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ከጫጫ ከተማ ወዲህ ሜዳው ላይ በተሠራ ኮሌጅ ስለ እህል ታስተምራለች።

ከኮሌጁ ጀርባ ገብስ የምትሞክርበት ቁራሽ መሬት ነበራት። አገራችን ውርጭ ነው። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ፣ ጠዋት ማሳው እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቶ ይገኛል። እሷ ዓመት ዓመት ውርጩ ሲመታው ቆሞ የተረፈውን ዛላ ብቻ እየለቀመች መልሳ ትዘራለች። ባለፈው ዓመት የተረፈው እፍኝ አይሞላም ነበር። ከፍላ ብታስቀምጥ ለማሳ ስለማይበቃ ሁሉንም ዘራችው።

ዝናቡ ሳይወጣ፣ አዲስ አዳራሽ ሊሠራ ነው ተባለና መምህራን አስተያየት እንዲሰጡ ተጠሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላን የእሷን ማሳ «ክፍት ቦታ» ይለዋል። አዳራሹ ወደ ግቢው በር፣ ድንጋያማው ቦታ ላይ እንዲዞር፣ ካልሆነም አጨዳው እስኪያልፍ እንዲቆይ ልትጠይቅ ነው የሄደችው። ጠዋት ሸሚዜን እየተኮሰች የምትናገረውን ስታጠና ሰምቻታለሁ።

የዚያን ቀን በጡረታ የሚሰናበቱ አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ። ከተሰብሳቢው ብዙውን ያስተማሩ ናቸው፤ ባለቤቴንም ጭምር። ሰብሳቢው የግንባታውን ዕቅድ አስረድቶ ሲጨርስ፣ «የዕቅዱን አዘጋጆችና ውድ መምህራችንን በጭብጨባ እናመስግን» አለ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ሲነሡ ተሰብሳቢው በሙሉ ተነሣ። እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል? ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታጨበጭብ ነበር።

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ሰብሳቢው ቀጠለ። «ለዕቅዱ የሰጣችሁትን ሙሉ ድጋፍ አይተናል። በዚሁ ጸድቋል። ሻይ ተዘጋጅቷል።»

እጇን አወጣች። ሰብሳቢው አያት። ሐሳብ ካለ በሻይ ላይ መወያየት ይቻላል አለና ወረቀቱን ሰበሰበ። ቤቱ ቀዝቃዛ ስለነበር ሰዉ ቀድሞ ወደ ሻዩ ተንቀሳቅሷል።

ሻዩ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዋ፣ «አይዞሽ፣ አዳራሹ ሲመረቅ ገብስሽን ቆልተሽ ታቀርቢልናለሽ» አላት። ተሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ብርጭቆዋን ግን ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ለቢሮ ዞረች። ቦታው ይቀየር ማለቱን ትታ፣ ፍሬው እስኪደርቅ ብቻ ነበር የምትለምነው። የግንባታ ክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ተቋራጩ ገብቷል፣ ማሽኑ በኪራይ ነው የመጣው፣ እኔ ምን ላድርግ አላት። ልትወጣ ስትል ነው የከፋውን የተናገረው።

«እህቴ፣ ያኔ ለምን ዝም አልሽ? ጭራሽ ቆመሽ ነው ያጨበጨብሽው።»

ሽማግሌው መምህር ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ። ጭብጨባው ለእኔ ነበር ብለው አስረዱ። ወንበር ተሰጣቸው፤ ስለ ረጅም አገልግሎታቸው በድጋሚ ተመሰገኑና ተሸኙ።

ስብሰባውን እንደ ተራ ዜና ዘግቤው ነበር፤ የባለቤቴን አቤቱታ ግን ዘመድ ስለሆንኩ እኔ አልሠራውም። ለአዘጋጄ ነገሩን ሳልደብቅ አስረድቼ ሌላ ዘጋቢ እንዲልክ ጠየቅሁት። ጥሩ አዘጋጅ ነው፤ የሚጠይቀውን ያውቃል።

«መምህራኑ ተጠርተዋል?»

«ተጠርተዋል።»

«አጨብጭበዋል?»

«አጨብጭበዋል።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ታዲያ ዜናው ምኑ ላይ ነው ዓይነት አየኝ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ማታ ለባለቤቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዶዘሩ የመጣው ኃይለኛ ውርጭ ባደረበት ማለዳ ነው። ደውላልኝ ስደርስ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። ማጭድ ተቀብዬ ገባሁ። ያን ሌሊት ብዙው ተመትቶ ተኝቷል፤ አንድ መደብ ላይ ያለው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስትፈልገው የኖረችው እሱን ነበር። ከዛላው አንድ ፍሬ ፈልቅቃ በጥፍሯ ጫን አደረገችው። ነጭ ወተት ወጣው፤ ገና አልደረሰም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሲጠብቀን ቆየ፤ በመጨረሻ ይቅርታ እህቴ አለና አስነሣው።

የቆመውን በትናንሽ ነዶ አስራ ሳሎናችን መስኮት ላይ ሰቀለችው። ከሥራ ስትመለስ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወደ ፀሐይ ታገላብጠዋለች። ፍሬው በየቀኑ እየተጨማደደ ሄደ።

አንድ ማታ ዛላ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ «ይበቅል ይሆን?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የምታውቂው አንቺ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለች። «ለዚህ ነው አንተን የጠየቅኩህ።»