እማማ የሚለው ስም

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ አምስት ሆነን ነበር። የልጄ ባል ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኮ ገመድ ይሰካል። ልጄ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር የምታጠናው የልጅ ልጄ ምንጣፉ ላይ በሁለት ማሽኖች መካከል ተቀምጣለች፤ አሮጌው በግራዋ፣ ከካርቶን የወጣው አዲሱ በቀኟ። የልጄ ባል እናት ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ቆማለች። እኔ ከውጭው በር አጠገብ፣ ጃንጥላዬን ከሰቀልኩበት ማንጠልጠያ ሥር ነበርኩ። ተቀመጪ ብለውኝ ነበር። መቆም መረጥኩ።

የተሰበሰብነው በአሮጌው የጌም ማሽን ውስጥ ያለውን ወደ አዲሱ ለማዛወር ነው።

አሮጌው ወደዚያ ቤት ሲገባ ከትልልቆቹ መጀመሪያ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ከመዝገብ ቤት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ እየሄድኩ እነሱ ጋ ሻይ እጠጣለሁ። የልጅ ልጄ ያኔ ሃይስኩል ነበረች። ጆይስቲኩን በማሰሪያው እጄ ላይ አሰረችልኝ። ክንድን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት መወርወር ነው፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳሱ ይንከባለልና ጠርሙስ የሚመስሉ እንጨቶችን ይጥላል። ቦውሊንግ ይሉታል። ማሽኑ ለሚጫወት ሰው ሁሉ ትንሽ ምስልና ስም ይጠይቃል። ለእኔ ጸጉሩን ነጭ አደረገችው፣ መነጽር ጨመረችበት። የኛ ፊደል ስለሌለው በእንግሊዝኛ ፊደል «እማማ» ብላ ጻፈችበት። በዚያ ቤት እማማ እኔ ነበርኩ። ሌላዋን አያቷን «የአዲሎዋ እማማ» ነበር የምትላት።

የአዲሎዋ ባሏ ሲሞት ልጇ ሆሳዕና አምጥቶ ከራሱ ጋር አኖራት። ዕድሜዋን በሙሉ አዲሎ መንገድ ዳር ዝንጅብል ስትነግድ፣ እሽጉን የጭነት መኪና ላይ ስትወረውር የኖረች ሴት ናት። ክንዷ የእኔን አይመስልም። መጀመሪያ የተጫወተች ዕለት የራሷ ምስል ስላልነበራት «ለዛሬ በእህቴ ልጫወት» አለችና በእኔ ምስል ገባች። ወረወረች። አንድም እንጨት ቆሞ አልቀረም።

«ሃሌሉያ!» አለች።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጨቶቹ ባንዴ ሲወድቁ ሁሉም ሃሌሉያ ይላል። እኔ ጥዬ ሲባል አልሰማሁም። ሁሉንም የጣልኩት እርግጥ ከስንት አንዴ ነው።

«ለዛሬ» ያለችው ግን በዚያው ቀጠለ። በየቀኑ የኔን መነጽር አድርጋ ትጫወታለች፤ እኔ ረቡዕ ስመጣ ነጥቡን ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ከልጇ ጋር በከምባትኛ ይቀላለዳሉ። የኔ ቋንቋ ሀዲይኛ ስለሆነ ግማሹ ይገባኛል፤ የሚያስቀው ግማሽ ግን ያመልጠኛል። እቤቴ ብቻዬን ስሆን የቴሌቪዥን ሪሞት ይዤ ግድግዳው ፊት ክንዴን አወዛወዝኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በክንዴም ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።

እየቆየ የልጅ ልጄ «እማማ» ስትል ሁለታችንም ዞር ማለት ጀመርን። ቀጥሎ የምትዞረው እሷ ብቻ ሆነች። አንድ ቀን በር ላይ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ልጅቷ ስልክ ላይ ለጓደኛዋ «የመናኸሪያዋ እማማ ዛሬ ትመጣለች» ስትል ሰማሁ። ቤቴ መናኸሪያው አጠገብ ነው።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ልጅቷ አዲሱ ማሽን ለምን እንደመጣ ታስረዳን ነበር።

«ኩባንያው አሮጌውን የሠራው ለሁሉም ሰው ነበር። ቆይቶ ዋናዎቹ ተጫዋቾች ‹የአሮጊት መጫወቻ አደረጋችሁት› ብለው ተቆጡ።»

«የምን አሮጊት? ይምጡና ይግጠሙኝ!» አለች የአዲሎዋ።

«አሁን ሁለቱንም ላለማስቀየም እየሞከሩ ነው። አዲሱ ቦውሊንግ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የዋናዎቹ ነው፣ ነጥብ የሌለው አይገባም። ሌላው ሻይ እስኪቀርብ ለሚጫወት ሰው ነው።»

«እኔስ የት ነኝ?» አለች የአዲሎዋ።

«አንቺማ ዋና ነሽ፣ እማማ!»

እኔ በዚያ ከሰዓት መጀመሪያ የተናገርኩት ያኔ ነው። «ስሙም አብሮ ይሄዳል?» አልኩ።

«ስሙም፣ ምስሉም፣ ነጥቡም» አለችና ቁልፉን ተጫነች። ነጩ ጸጉርና መነጽሩ ቴሌቪዥኑን ሞላው። ከሥሩ ስሙ አለ። «እሺ፣ ይሄ የማን ነው የምንለው?»

«የማን ይሆናል? የእማማ ነዋ» አለች ልጄ ከጓዳው በር ላይ፣ በአገጯ ወደ አማቷ እያመለከተች። እኔን እማዬ ነው የምትለኝ።

የአዲሎዋ ዞር ብላ አየችኝ። «ኧረ የእህቴ ነው! እኔ ተውሼ ነው። መልሺላት፣ አንቺ ልጅ» አለች። ከልቧ ነበር። ብትከለክለኝ ይቀለኝ ነበር።

«ነጥቡ እኮ ያንቺ ነው» አለቻት ልጅቷ። «ለሷ ከሰጠሁት አንቺ ከዜሮ ልትጀምሪ ነው። እሷ ደግሞ ከዋናዎቹ ጋር ልትገባ ነው፤ አንድ ዙር አትቆይም።»

«አንቺ!» አለ አባቷ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ።

«ምን አልኩ? ማሽኑ የሚያውቀው የተጫወተውን ሰው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። «ላንቺ አዲስ እሠራልሻለሁ። መነጽሩንም አሳምሬ። ስሙን… ‹እማማ ሁለት› ልበለው?»

ሁሉም አዩኝ። የአዲሎዋ ጆይስቲኩን ከእጇ ፈትታ ዘረጋችልኝ።

«ነይ እህቴ፣ አዲሱን አንቺ መርቂው። መጀመሪያ አንቺ ወርውሪ።»

«ዝናብ ሳይመጣ ልሂድ» አልኩ።

«እማዬ፣ ሻዩ እኮ ፈልቷል» አለች ልጄ።

«ለዋናዎቹ ቅጂላቸው» አልኩና ጃንጥላዬን አውርጄ ወጣሁ።